አበባ ያወጣች አትነቀልም

ሐይቅ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ ጠሃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትክ? እማስ እንዴት ናት? በጎቹስ ውርጩን ቻሉት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሙስዓብም ደህና ነው፤ ባጃጇ ግን በየሳምንቱ ትታመማለች።

የጠየቅከኝ እውነት ነው። ማን እንደነገረህም አውቃለሁ፣ ወይኒቱ ናት። እዚህ ገበያ ድንቿን ሸጣ ልትጠይቀኝ ጎራ ብላ ፊቴን ገና ስታይ እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈች። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሁለት ወሬ ነው። ሦስቱ ከወረዱብኝ በኋላ አራተኛውን ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር፤ ለእማ ግን ራሴ ልነግራት ነበር ሐሳቤ። እናንተ ደጋ ላይ ስልክ የለ፣ ታወሩ ከተበላሸ ዓመቱ፤ ወይኒቱ ግን ከታወርም ትፈጥናለች።

አዋላጇ እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትወርጂ ብላኛለች። ውሃ አታንሺ፣ አትደንግጪ፣ አታልቅሺ አለችኝ። ውሃውንስ ሙስዓብ ያነሳል። አለማልቀስን ማን ያነሳልኛል?

ለእማ አንድ ነገር ንገርልኝ። ቃሏን እንዳትረሳ። ከደጋ ወደ ሐይቅ ዳር የተዳረች ልጅ ስትወልድ እናቷ ያቺን መሬት የተለጠፈች ቢጫ አበባ ከነሥሯ ነቅላ መጥታ በአራሷ በር ትተክላለች፤ አርባው እስኪወጣ አራሷንም አበባዋንም ታርሳለች። የእኛ አገር ሥርዓት ይሄ ነው። ለሦስቱም ጊዜ ልትመጣ ተዘጋጅታ ለሦስቱም ሳይሆንላት ቀርቷል። እዚህ ለጎረቤታችን ለመምህር ምስክር ይህንን ብነግረው፣ ባዮሎጂ አስተማሪ ነው፣ አበባዋ ከሱፍ ጋር ትዛመዳለች አለኝ። ሳቅኩበት። ሱፍ ከሰው በላይ ቆማ ፀሐይ ትፈልጋለች፤ የእኛዋ ከመሬት ቀና ማለት እንኳ አትችልም፣ ቅጠሏን አንጥፋ ተኝታ ነው የምትኖረው። አሁን እንደ እኔ ማለት ነው።

እህትህ ዘሀራ

አምባሰል፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ዘሀራ፣

እዚህ ቤት ያለነው ሁሉ ደህና ነን፣ ሰላም ብለንሻል። ያለነው ማለት እማ፣ እኔ፣ አሥራ አንዱ በጎችና ያቺ አመለኛ በቅሎ።

አዎ፣ ለእማ አንብቤላታለሁ፤ ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው፣ የዘለልከው ቦታ አለ ብላ ተቆጣችኝ፤ አንድም አልዘለልኩም። ከዚያ ብድግ ብላ ወጣች። ስፈልጋት ከበረቱ ጀርባ ቆማ አገኘኋት፤ ዓይኗ ቀልቷል። ነፋስ ነው አለች። ነፋስ አልነበረም።

አሁን ጻፍ ብላ ከአጠገቤ ቆማለች። ቃሏን ሳላጎድል ይኸው፦

«ዘሀራ፣ እንዳትነሺ። ቤትሽን ሸረሪት ቢያደራበት ተይው። ሙስዓብ ወጥ ይሥራ፣ እጁ አይቆረጥም። ግንቦት ሊወጣ ሲል አበባዋን በእጄ ነቅዬ፣ ውጫሌ ድረስ በእግሬ ወርጄ፣ ከዚያ በመኪና እመጣልሻለሁ። ያ አስተማሪ ከሱፍ ጋር ዘመድ ናት ካለ ይበል። ዘመድ ማለት ግን ለቅሶ ደራሽ ነው። ሱፍ አንድ ቀን እንኳ እዚህ ውርጭ ላይ ወጥታ ጠይቃት ታውቃለች?»

እንዲህ ነው ያለችው። ሰሞኑን ሰውን ሁሉ እየተቆጣች ነው። ትናንት ጎረቤታችን ሽታው ሚስቱ ታማ ስለተኛች ለልጁ ማራሻ አበባዋን ራሱ ነቅሎ በቤታችን በኩል ሲያልፍ አየችው። ቢጫዋ ፍክት ያለች፣ ሦስት አበባ ያወጣች፣ ለዓይን የምታሳሳ። እማ ከደጃፍ ሆና ወረደችበት፤ ሰውየው ፂሙን ይዞ እስኪያፍር። መልሳ ሌላ ልታስነቅለው አብራው ወጣች። ምን እንዳጠፋ እስካሁን አልገባኝም። እንኳን ሽታው እኔም ከዚያ የምታምር አላገኝም ነበር።

በዚያ ብርድ መውጣቷ አልበጀም፣ ትንሽ ሳል ይዟታል። አታስቢ፤ የውርጭ ነው።

ወንድምሽ ጠሃ

ሐይቅ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ጠሃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ደህና ነኝ። ሦስተኛው ወር አለፈ፤ ሦስቱም የወረዱት ከዚህ በፊት ነበር። አዋላጇ ጆሮዋን ሆዴ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት፣ ለእማ ንገራት።

ሽታውን ለምን እንደተቆጣችው ባይገባህ አልፈርድብህም። እማ ይህንን ነገር ስታስተምረኝ አንተ በግ ፍለጋ ነበርክ። የሴት ዕውቀት ነው፤ አንተን ግን ጠይቃት ብዬ አላስቸግርህም፣ ደግሞ አንተም ላይ ትወርድብሃለች።

ሳሉ እንዴት ሆነ? በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጣል አድርገህ አለፍክ። አንተ የምትፈራውን ነገር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትጽፈው፤ አባባ ሲታመምም እንደዚሁ ነበር። በወይኒቱ እጅ ሽሮፕ ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ። ካልቀመስከው አልጠጣም ካለች አንተ ቅመስላት። አብሮት ያለው የሱፍ ሻሽም የእሷ ነው፤ ለክት ብላ ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፈው።

ውጫሌ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። በቅሎዋ ለምን ትቀለባለች?

ዘሀራ

አምባሰል፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ዘሀራ፣

እዚህ ያለነው ሁሉ ደህና ነን።

መልሱን በማዘግየቴ አፉ በይኝ። ሰሞኑን ቤታችን ሰው በዝቶበት ነበር። የገብስ ውቂያ ነው፤ አገሩ ሁሉ መጥቶ አገዘኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከማዶ ያሉት ሳይቀሩ። ሽታው እንኳ ቂም ሳይዝ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጃችን አልተነሳም።

ስለ እማ ለጠየቅሽኝ፣ ሳሉ ለቋታል። አሁን አታስልም። ብርዱንም አታማርርም። ሽሮፑ ደርሷል። ሻሹም ደርሷል፤ ሳጥን ውስጥ አልቆለፈችውም።

ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ። በበቅሎዋ ነው የወሰድኳት፤ መንገዱን ሁሉ ስትቆጣኝ ነበር።

አንቺ ብቻ እንዳትነሺ። ያዘዘችሽን አትርሺ። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ እጄ ደክሟል፣ የውቂያው ነው።

ጠሃ

ሐይቅ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ጠሃ፣

አንድ ገጽ እንኳ ያልሞላ ደብዳቤ ጻፍክልኝ። እማ ጻፍ ብላ አጠገብህ አልቆመችም ማለት ነው። ምነው፣ ተቀየመችኝ?

እዚህ ሁሉ ነገር ተለዋውጦብኛል። ሙስዓብ ስልኬን ላሠራ ብሎ ወስዶ ይኸው ወር ሊሆነው ነው። የባጃጅ ጎማ ፍለጋ ብሎ ሦስት ቀን ጠፍቶ መጣ፤ ዓይኑ አባብጧል፣ አቧራ ነው አለኝ። በእናንተ በኩል ነፋስ፣ በእኛ በኩል አቧራ። አማቴ ተጠርታ መጥታ ከአልጋዬ ሥር ተቀምጣለች። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲገባ አስቀድማ በር ላይ ታንሾካሹክበታለች፤ ገብተው ስለ ዓሣ ዋጋ ብቻ አውርተው ይወጣሉ። ወይኒቱ ግማሽ ቀን የምታወራኝ ሴት፣ ደብዳቤህን ጣል አድርጋ መኪና አመለጠኝ ብላ ሮጠች። ከዘንቢሏ ውስጥ ጥቁር ሻሽ አየሁ። የማን ሐዘን ነው ብላት የአጎቴ አለች፤ ወይኒቱ አጎት እንዳላት ዛሬ ገና ሰማሁ።

አሁን የምጽፍልህን ለሙስዓብ አልነገርኩትም። ትናንት ደም አየሁ። ጥቂት ነው። አዋላጇ ተኚ ብቻ አለች። ተኝቼስ ነበር። አያ ጠሃ፣ ይሄኛውም ከወረደብኝ ከዚህ አልጋ የምነሳ አይመስለኝም። እማ ግንቦት ትምጣ፣ ግን አበባዋን አሁኑኑ አስነቅለህ ላክልኝ። ወሯ እንዳልደረሰ አውቃለሁ። ደጃፌ ላይ ባያት ልጁ የሚቆይልኝ ይመስለኛል።

ዘሀራ

አምባሰል፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ዘሀራ፣

እዚህ ያለነው ሁሉ ደህና ነን፣ ሰላም ብለንሻል።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ረቡዕ አበባዋ ተነቅላ ይኸው በወይኒቱ እጅ ልኬልሻለሁ። እማ ናት የነቀለቻት። የአስታው ዛፍ አልቆ የውርጩ ጅብራ ብቻ ከሚቆምበት፣ ከላይኛው ጨፌ ነው የመጣችው። ውርጩ ገና ሳይቀልጥ ነው። አፈሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ብዙ አስቸገረ፤ ሥሯ ግን አንዲት ሳትቀር ወጥታለች። ከሁሉ የደመቀችውን መርጣልሻለች። ዓይንሽ ደስ እንዲለው።

ስላየሽው ደም ለሽታው እንኳ ሳልናገር፣ ለአንድ ሰው ነው ብዬ ሼኹን ዱዓ አስደርግልሻለሁ። እማም ዱዓ ላይ ናት። ሌት ተቀን ካጠገብሽ ናት፣ ይህንን አልዋሽሽም።

ወይኒቱን አትጨቅጭቂያት። አጎት አላት፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ጠሃ

ሐይቅ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ጠሃ፣

አበባዋ ደረሰች። አራት አበባ አውጥታለች። ቅጠሏ ከሥሩ ነጭ ነው፣ እንደማውቃት። ሙስዓብ ከበሩ በስተግራ፣ ጥላው ጋ ተክሎልኛል፤ ከአልጋዬ ትታየኛለች።

እማን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ስትተከል ቅጠሏን ስንት እንተውላት? የቀረው ይቆረጣል፣ እሱን አስታውሳለሁ። ቁጥሩ ነው የጠፋብኝ። ቃሏን እንዳለ ጻፍልኝ፣ እንዳታሳጥረው።

ዘሀራ

አምባሰል፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ዘሀራ፣

እዚህ ያለነው ሁሉ ደህና ነን።

ጠይቄያታለሁ። «እንደወደደችው ታድርግ፣ ዋናው እሷ ደህና መሆኗ ነው» አለች። ቃሏ እንዳለ ይኸው ነው።

በጎቹ ስምንት ቀሩ። ሦስቱ አልታመሙም፣ ለድግስ ታርደው ነው። የውቂያው ድግስ።

ጠሃ

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለአባቴም ምትክ ለአያ ጠሃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እሺ፣ እንደወደድኩ አድርጌያለሁ።

ደሙ ቆሟል። ልጁ መገላበጥ ጀምሯል፤ ሙስዓብ እጁን ሲያስቀምጥ ዝም ይላል፣ ሲያነሳ ይራገጣል። አማቴ ጥሩ ሴት ናት። ስትመጣ ፊት ነስቻት ነበር፤ አሁን ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ እኔም ዝም ብዬ እሠራለሁ። እኔ ስተኛ ግድግዳው ዞራ ስታለቅስ ሁለት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ያልሰማሁ መስያለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ እማ ትመጣለች ወይ ብዬ አልጠይቅህም። መንገዱ ከባድ ነው፣ ገባኝ። ሙስዓብን ስልኬን ስጠኝ አልለውም፣ ወይኒቱንም አልጨቀጭቃትም። የማስቸግርህ አንድ ነገር ነው። የእማን ሰላምታ በአንድ መስመር አትጻፍልኝ፣ ረዘም አድርገህ ጻፍልኝ። ምን እንዳለች፣ ምን እንዳማረረች፣ ማን ላይ እንደወረደችበት። ያላለችውንም ብትጨምርበት አልቆጣህም፤ አንተ አብረሃት ኖረሃል፣ ምን እንደምትል ታውቃለህ። ይሄ ልጅ እስኪወለድ ድረስ እሷን የማገኛት በአንተ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

አንተስ ማን ያበስልልሃል? እንጀራ ከየት ታገኛለህ? እማ ደክማለች ብዬ ነው የምጠይቅህ። ስሞት፣ ድንች ብቻ እየቀቀልክ እንዳትኖር። ከወይኒቱ ጋር በርበሬና የደረቀ ዓሣ ልኬልሃለሁ፤ ዓሣውን ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ እንደ ቋንጣ እንዳትጠብሰው።

ብቻህን ብዙ አትቀመጥ። ሽታው ቤት ሂድ።

እህትህ ዘሀራ

አምባሰል፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ዘሀራ፣

እዚህ ቤት ያለነው ሁሉ ደህና ነን፣ ሰላም ብለንሻል።

ዓሣውን ጠብሼዋለሁ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ከጠበስኩት በኋላ ነው።

ባዘዝሽኝ መሠረት የእማ ሰላምታ ይኸው። መጀመሪያ በቅሎዋን ሰድባለች። በቅሎዋን ሸጥኳት፤ እንዲያም ሆኖ ትሰድባታለች። ቀጥላ ሽታው ላይ ወረደች፤ ድንበሩን በአንድ ክንድ ገፍቷል አለች፣ እኔ ለካሁት፣ አልገፋም። ቀጥላ እኔ ላይ መጣች። ሸሚዝህ አንገቱ ቆሽሿል፣ ሰው ምን ይላል፣ የሚስት ያለህ በል እንጂ፣ እኔ እስከ መቼ አለች። ከዚያ ወደ አንቺ ዞረች፦

«ዘሀራ፣ ምጥ ሲይዝሽ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ብለሽ አትፈሪ፣ ጩኺ። እኔ አንቺን ስወልድ እስከ ማዶ ድረስ ተሰምቷል። ጠሃ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከውጭ ቆሞ ጆሮውን ይዞ ያለቅስ ነበር። ስትወለጂ ጠርቼ ጣትሽን አስያዝኩት። ከዚያ ወዲህ አለቀቀሽም።»

ይህ የመጨረሻው እውነት ነው፣ ዘሀራ። ያለችበትን ቀን ግን ቀይሬዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ያለችው ነው።

አንቺ ስትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ደህና ነኝ፣ ግን ቤቱ ሰፍቶብኛል። ውጪ ውዬ ስገባ የሚቆጣኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር። እማ ሰሞኑን ዝምታ አብዝታለች ማለቴ ነው። ደብዳቤ ስጽፍልሽ ትንሽ ታወራለች፣ ሌላ ጊዜ ግን ዝም ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ጻፊልኝ።

ጠሃ

ሐይቅ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ጠሃ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለእማ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት። ይህንን በወረቀት ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ ሁለት ወረቀት ቀድጄያለሁ።

ሰኔ 20 ሴት ልጅ ወለድኩ። ይህንን ወይኒቱ ነግራሃለች። አርባዬ በወጣ በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። አራት ሽማግሌዎች፣ ሁለት ሴቶች፣ ሼኹም ነበሩ። አማቴ ልጄን ከእጄ ወሰደች። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው የሚገባው፤ ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ሁሉንም ታውቀዋለህ። እኔ ግን ሲገቡ ከኋላቸው አንተን ነበር የምፈልገው። አልነበርክም።

አስቀድሜ አውቄ ነበር፣ አያ ጠሃ። ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ።

አበባ ያወጣች አትነቀልም። ሽታው የተሰደበው ለዚህ ነው። ሥሯ ያላትን ሁሉ ለአበባዋ ሰጥታ ጨርሳለች፣ ብትተክላት አትይዝም። የሚነቀለው ገና ያላበበችው፣ ቅጠሏን አንጥፋ የተኛችው ናት። ይህንን እማ ስድስት ዓመቴ ላይ አስተምራኛለች። አንተ አራት አበባ ያፈካች ላክልኝና እማ ነቀለቻት አልከኝ። ጥቁር ሻሹ፣ ስልኬ፣ የሙስዓብ ዓይን፣ ሁሉም ሆዴ ውስጥ ነበሩ፤ ግን ምናልባት ታማ ይሆናል፣ ምናልባት ጉልበቷ ደክሞ አንተን ልካህ ይሆናል አልኩ። ለዚህ ነው ስለ ቅጠሉ የጠየቅኩህ። ቁጥሩ አልጠፋብኝም ነበር። ሦስት ነው፤ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለውርጭ፣ አንዱ ለራሷ። ብትታመምም፣ ልሳኗ ቢተሳሰርም በሦስት ጣቷ ታሳይህ ነበር። አንተ «እንደወደደችው ታድርግ» አለች ብለህ ጻፍክልኝ። እማ በሕይወቷ ማንንም እንደወደድክ አድርግ ብላ አታውቅም። ወረቀቱን አጠፍኩና ኢንና ሊላሂ አልኩ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ አማቴ እንዳትሰማኝ።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። አገሩ ሁሉ ለእኔ ብሎ አፉን ይዞ ነበር። ሙስዓብ ለቅሶ ደርሶ መጥቶ እየሳቀ ይገባል። ወይኒቱ ሻሿን መናኸሪያ ላይ እየፈታች ትመጣለች። አንተ ቀብረህ መጥተህ ውቂያ ነበር ትለኛለህ። እኔ አውቄያለሁ ብል ልታለቅሱ ነው፣ እናንተ ስታለቅሱ እኔም ላለቅስ ነው፣ ሳለቅስ ደግሞ ልጄ። ስለዚህ አላወቅኩም። አበባዋ በአሥረኛው ቀን ደረቀች። እንደማውቅ እንዳያውቁ ብዬ አማቴን ውሃ አጠጪልኝ እያልኩ ደረቅ ሥር እስከ አርባዬ ድረስ አስጠጥቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልወጣልኝም። በሰባተኛው ቀን ስሟን ማን እንበላት አሉኝ። ዑምኩልሱም ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴ በሕይወት አለች ብላ የምታምን ሴት በእናቷ ስም ልጅ አትጠራም፤ ሁሉም ፊቴን እያዩ ነበር። ሒክማ አልኩ። ጥሩ ስም ነው አሉኝ። ጥሩ ስም ነው፣ ግን የእሷ አልነበረም።

እማ ዘመድ ማለት ለቅሶ ደራሽ ነው ብላ አጽፋህ ነበር። እኔ ለገዛ እናቴ ለቅሶ አልደረስኩም። ስድስት ወር ዘግይቼ፣ በሰው አገር፣ ድንኳን ሳይጣል አለቀስኳት። አንተን አልተቀየምኩህም። የወረቀቷን እማ ሰጥተኸኛል፣ በእሷ ነው የወለድኩት፤ ምጤ ሲጠና ጮኼያለሁ፣ ባጃጅ ተራ ድረስ ተሰምቷል ይላል ሙስዓብ። የተቀየምኩህ አንድ ነገር ነው። እኔ ከሙስዓብ፣ ከአማቴ፣ ከጎረቤት ጋር ሆኜ ደበቅኩት። አንተ ከማን ጋር ሆነህ ነበር? ለምን ሽታው ቤት አልሄድክም?

ዘሀራ

አምባሰል፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ዘሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኪ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ውጫሌ ድረስ ወርጄ ነበር። መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ሒሳብም ከፈልኩ። ሊነሳ ሲል ወረድኩ። ያን ሁሉ ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው ፊትሽን ማየት አቃተኝ። ፈሪ ነኝ፤ የምፈራውን መጨረሻ ላይ የምጽፍ ያልሽው ልክ ነሽ፣ ይህኛውን ለአንቺ ብዬ መጀመሪያ ጻፍኩት።

ጥር 19 ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር። ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እውነት ነው፣ መንገዱን ሁሉ ስትቆጣኝ የሄደችውም እውነት ነው። መልሰን ያመጣናት በቃሬዛ ነው። የመጨረሻ ቃሏ ዘሀራን እንዳታስደነግጡ ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ደግሞ ግንቦት ደረሰ ወይ ነው። ሻሹን አልቆለፈችውም ያልኩሽ እንዲሁ ነው፤ ራሷ ላይ እንደነበረ ነው ያረፈችው፣ ለከፈኑ ነው የፈታነው። አሁን እኔ ጋ አለ፣ አልሰጠሁትም።

ሽታው ቤት ሄጃለሁ። ሚስቱ ታበላኛለች። ከበላሁ በኋላ ግን ወደ ቤት ነው የምመለሰው።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ አበባዋን ወደነቀልኩበት ጨፌ ወጣሁ። እማ በየዓመቱ ለአገሩ ልጆች ሁሉ ስትነቅል የኖረችበት ቦታ አንድም ባዶ የለም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሞልቶ፣ አንዷ በነበረችበት አራት አምስት ሆነው ቅጠላቸውን አንጥፈው ተኝተዋል። የእኔ ጉድጓድ ብቻ ውሃ ቋጥሮ ባዶውን አለ። ሥሯ አንዲት ሳትቀር ወጥታለች ብዬ የኮራሁልሽ ለካ ጥፋት ኖሯል። መተው ነበረብኝ። ስንት ሥር እንደሚተው አላውቅም፤ የሚነግረኝ ሰው ደግሞ እዚህ የለም። በደብዳቤ አትንገሪኝ። ልጅቱ ብርድ የምትችልበት ወር ሲደርስ ይዘሻት ነይና በእጅሽ አሳዪኝ። ለቅሶሽንም ያኔ ትደርሻለሽ፤ መቃብሯ ከጨፌው በታች ነው፣ ከዚያ ሆነሽ ሐይቁ ይታይሻል።

ሽታው የልጅቱን ስም ጠየቀኝ። ዑምኩልሱም ናት አልኩት። ዘንድሮ ውሸት ለምዶብኛል። እሱም ለሚስቱ ነገራት፣ እሷም ለአገሩ ነገረች፤ አሁን ማዶም ወዲህም ዑምኩልሱም ደህና ናት ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ደህና ናት፣ አደገች፣ እላቸዋለሁ። ሐይቅ ላይ ሒክማ ትሁን። እዚህ ስትመጣ በዚያኛው ስሟ ብትጠራ አትቆጪኝ።

ለሙስዓብ፣ ለአማትሽ፣ ለመምህር ምስክርም ሰላም በይልኝ። እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ደህና ነኝ፣ ሰላም ብዬሻለሁ።

ወንድምሽ ጠሃ